የሱፍ ክር ኳስ፦ የፍሮቤል የመጀመሪያው ስጦታ አመጣጥና የተጓዘው መንገድ

ስለ መዋዕለ ሕፃናት ታሪክ የሚናገሩ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከሐሳብ ነው። የሕፃን ተፈጥሮ፣ የጨዋታ ጥቅም፣ የእናት ድርሻ የሚሉ ርእሶች ቀድመው ይሰለፋሉ፤ ሕፃኑ በእጁ የያዘው ዕቃ ግን በሥዕል ግርጌ በምትጻፍ አንዲት መስመር ይታለፋል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያውን መዋዕለ ሕፃናት ያቋቋመው ጀርመናዊው መምህር ፍሪድሪኽ ፍሮቤል ሥራውን የጀመረው ከመጽሐፍም፣ ከሰሌዳም፣ ከፊደል ገበታም አልነበረም። የጀመረው ከስድስት ለስላሳ ኳሶች ነበር። ኳሶቹ በኪሮሽ ወይም በሹራብ መርፌ ከሱፍ ክር የተሠሩ፣ በመዳፍ ውስጥ የሚገቡ፣ የየራሳቸው ቀለምና ማንጠልጠያ ክር ያላቸው ነበሩ። ፍሮቤል «የመጀመሪያው ስጦታ» ብሎ ሰየማቸው።

ይህች ትንሽ ኳስ ከእናት እጅ ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካም ወደ ክፍል መርሐ ግብር የገባችበት ታሪክ መምህራንንም ሆነ የትምህርት ፕላን አውጪዎችን የሚመለከት ነው። የመጫወቻ መሣሪያ ዝርዝር በተዘጋጀ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም ሕፃኑን የሚያስተምረው ዕቃው ነው ወይስ በዕቃው አማካይነት በሕፃኑና በአሳዳጊው መካከል የሚደረገው ግንኙነት ነው? የሚለው ነው። ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ በዚህች ኳስ ላይ ከመቶ ዓመት በፊት ብርቱ ክርክር ተደርጎበታል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ከደን ሥራ ወደ ሕፃናት

ፍሮቤል በ1782 ዓ.ም. በጀርመን አገር፣ ደናማ በሆነው የቱሪንገን አውራጃ፣ ኦበርቫይስባኽ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበር። እናቱ ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው ስለ ሞተች በእንጀራ እናት እጅ፣ ፍቅር በጎደለው ሁኔታ አደገ። ይህን ሐዘኑን ኋላ ለእናቶች ከሰጠው ከፍ ያለ ስፍራ ጋር ማያያዝ የተለመደ ነው፤ እሱም ስለ ራሱ ሕይወት በጻፈው ጽሑፍ የልጅነቱን ሐዘን አልሸሸገም። ሆኖም አንድን የትምህርት ሐሳብ ከአንድ ሰው ሐዘን ብቻ ማፍለቅ ለልብ ወለድ እንጂ ለታሪክ አይበጅም። ሐሳቡ ሌሎች ምንጮችም ነበሩት።

በወጣትነቱ የደን ባለሙያ ረዳት ሆኖ ሠልጥኗል። በ1805 ዓ.ም. በፍራንክፈርት ከተማ መምህር ሆነ፤ ከ1808 እስከ 1810 ዓ.ም. ድረስም ኢቨርዶን በተባለች የስዊዘርላንድ ከተማ ከታዋቂው የትምህርት ሰው ከፔስታሎዚ ዘንድ ቆየ። ሕፃን ስለ ነገሮች ከመስማቱ በፊት ነገሮቹን ማየትና መዳሰስ እንደሚገባው የተረዳው በዚያ ነው። ከናፖሊዮን ጋር በተደረገው ጦርነት ከዘመተ በኋላም በበርሊን በማዕድናት ቤተ መዘክር ውስጥ በረዳትነት ሠራ። የክሪስታሎችን ቅርጽ እየመረመረ ያሳለፈው ጊዜ፣ ኋላ ለሕፃናት ያቀረባቸው ኩቦችና ሉሎች ከየት እንደ መጡ ለመረዳት ይጠቅማል። በ1816 ዓ.ም. የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በዓመቱም ትምህርት ቤቱን ካይልሃው ወደምትባል መንደር አዛወረ። የሰው ልጅ አስተዳደግን የሚመለከተውን ዋና መጽሐፉንም በ1826 ዓ.ም. አሳተመ።

በካይልሃው የሚያስተምራቸው ልጆች ከፍ ያሉ ነበሩ። ዓመታት ባለፉ ቁጥር ግን አንድ ነገር እየጎላ ታየው፤ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣ ልጅ ባዶ ሆኖ አይመጣም፤ ጠባዩና ስሜቱ፣ ለነገሮች ያለው ጉጉት ወይም ቸልተኝነት በአብዛኛው በቤት ውስጥ ተጀምሮ ያደረ ነው። ስለዚህ በ1837 ዓ.ም.፣ በ55 ዓመት ዕድሜው፣ ብዙ ሰው ወደ ዕረፍት በሚያዘነብልበት ጊዜ፣ በካይልሃው አጠገብ በምትገኘው በብላንከንቡርግ ከተማ ለትንንሽ ሕፃናት ጨዋታና ሥራ የሚሆን ተቋም መሠረተ። በ1840 ዓ.ም. «ኪንደርጋርተን»፣ ማለትም የሕፃናት የአትክልት ስፍራ፣ የሚለውን ስም ሰጠው።

በአማርኛ «አጸደ ሕፃናት» የሚለው መጠሪያ የጀርመንኛውን ስም ፍች በሚገባ ይዟል፤ አጸድ በግእዝ ቅጥር ግቢም የአትክልት ቦታም ነውና። በይበልጥ የተለመደው «መዋዕለ ሕፃናት» ግን ከመዋል፣ ከውሎ ጋር የተያያዘ ነው። አንደኛው ስም ተክልን ማሳደግን፣ ሁለተኛው ልጅን ማዋልን ያስታውሳል፤ ልዩነቱ ከቃል ያለፈ ነው።

ኳሷና ጨዋታዋ

የመጀመሪያው ስጦታ ኳሶች ስድስት ሲሆኑ ቀለማቸው የቀስተ ደመናን ቅደም ተከተል የተከተለ ነው፤ ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ሐምራዊ። የእያንዳንዷ ስፋት ወደ አራት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የተሰጡትም ለትምህርት ቤት ተማሪ ሳይሆን ገና በእናቱ ጭን ላይ ላለ ጨቅላ ነበር። ስድስቱም በአንድ ጊዜ አይቀርቡም፤ አንዲቷ ኳስ ብቻዋን ለረጅም ጊዜ ትበቃለች።

ጨዋታው ቀላል ነው። እናት ማንጠልጠያዋን ክር ይዛ ኳሷን በሕፃኑ ፊት ወዲያና ወዲህ ታወዛውዛለች፤ ዓይኑ ይከተላታል። ከፍ ስታደርጋት «ወደ ላይ»፣ ዝቅ ስታደርጋት «ወደ ታች» ትላለች፤ ስታርቃት፣ ስታቀርባት፣ ስታሽከረክራት ለያንዳንዱ እንቅስቃሴ ቃልና ዜማ አለው። ሕፃኑ ኳሷን ሲጨብጥ እናት ክሩን በቀስታ ትስባለች፤ እሱም በጣቶቹ ጉልበት ይታገላል። ከዚያም ኳሷን በመዳፏ ወይም በቀሚሷ እጥፋት ትሸፍናታለች፤ ጠፋች፤ ትገልጣታለች፤ መጣች። አኩኩሉ የተጫወተ ሰው ሁሉ ይህን ደስታ ያውቀዋል፤ የፍሮቤል እናት ግን የምትደብቀው ራሷን ሳይሆን ኳሷን ነው።

ፍሮቤል ይህን ጨዋታ የፈጠረው አይደለም። ከገጠር እናቶችና ከሕፃናት ጨዋታ ተመልክቶ የወሰደው ነው፤ የእሱ ድርሻ ሥርዓት ማስያዝና ምክንያት መስጠት ነበር። በ1844 ዓ.ም. ያሳተመው፣ የእናቶች መዝሙርና የጣት ጨዋታ የተሰበሰበበት መጽሐፍም የዚሁ ትኩረት ውጤት ነው። ምክንያቱን በሚሰጥበት ጊዜ ግን አንዳንድ ጊዜ ከምድር በጣም ይርቅ ነበር። ኳስ ጠርዝና ማዕዘን የላትም፤ ስለዚህ የፍጹምነትና የአንድነት ምሳሌ ናት ይላል። ኳስ ማለት በጀርመንኛ «ባል» ሲሆን ቃሉን ሰንጥቆ «የሁሉ ሥዕል» የሚል ምስጢር አውጥቶለታል። የቋንቋ ሊቃውንት ይህን ፍች አይቀበሉትም፤ በአማርኛ «ኳስ» ከሚለው ቃል ተመሳሳይ ምስጢር ለማውጣት የሚሞክር ሰው ቢኖርም ብዙ አይሳካለትም።

ምስጢራዊው ትርጉም ቢቀር ግን ጨዋታው አብሮ አይወድቅም። ብላንከንቡርግ በተከፈተ ልክ በመቶኛው ዓመት፣ በ1937 ዓ.ም.፣ ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ ሕፃን ስለ ገሐዱ ዓለም ያለውን ግንዛቤ እንዴት እንደሚገነባ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። በውስጡ ከዓይን የተሰወረ ዕቃ ጠፍቶ እንዳልቀረ ሕፃኑ ቀስ በቀስ እንደሚረዳ ገልጿል። ከእሱ በኋላ የተደረጉ ምርምሮች ይህ ግንዛቤ ፒያዤ ከገመተው ዕድሜ ቀድሞ እንደሚጀምር አሳይተዋል። ጀሮም ብሩነርም በ1976 ዓ.ም. ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጥናት፣ እናትና ሕፃን በመሸፈንና በመግለጥ የሚያደርጉት ጨዋታ ሕፃኑ ተራ መጠበቅን፣ ደንብ መያዝንና የሚመጣውን አስቀድሞ መገመትን የሚለማመድበት መሆኑን አስረድቷል። ፍሮቤል በቀለሞቹ ጉዳይ ግን በጣም ቸኩሏል፤ ጨቅላ ቀለማትን በሚገባ ለይቶ ለማየት ጥቂት ወራት ያስፈልጉታል።

ለምን ሱፍ?

ስጦታዎቹ በኳሷ አያበቁም። ሁለተኛው ስጦታ ከእንጨት የተሠሩ ሉል፣ ኩብና ሲሊንደር ሲሆኑ፣ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ያሉት ተከፋፍለው የሚገጣጠሙ የእንጨት ኩቦች ናቸው። ከነዚህ በተጨማሪ ወረቀት ማጠፍ፣ መስፋት፣ በወረቀት ቁራጭ መሸመንና ጭቃ መቅረጽ የመሳሰሉ የእጅ ሥራዎች አሉ። ከዚህ ሁሉ መካከል በቤት ውስጥ፣ ያለ አናጢና ያለ መሣሪያ፣ ከቁርጥራጭ ክር ሊሠራ የሚችለው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛው ስጦታ ልጥ መጋዝና መለኪያ ይጠይቃል፤ ኩቡ ትክክለኛ ካልሆነ አይጠቅምም። የሱፍ ኳስ ግን ትንሽ ብትጣመምም ኳስ ናት።

የሱፉ ለስላሳነትም በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም። ሕፃን የጨበጠውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል፤ የወደደውንም የጠላውንም ይወረውራል። የሱፍ ኳስ ስትወድቅ አትሰበርም፤ ፊት ብትመታ አታቆስልም፤ ብትቆሽሽ ትታጠባለች። የተሠራ ክር ለጣት የሚይዘው ሸካራነት ስላለው ገና ጥንካሬ የሌለው እጅ እንኳ ሊጨብጣት ይችላል። ሁለተኛው ስጦታ የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ሲሆን የእንጨቱ ሉል ጠንካራ ነው፤ ሲወድቅ ይጮኻል፤ ይንከባለላል። ሕፃኑ ተመሳሳዩን ቅርጽ በሌላ ጠባይ ያገኘዋል። ለስላሳውን ያላወቀ ጠንካራውን በምን ያነጻጽረዋል? በፍሮቤል ሥርዓት ውስጥ ጸንቶ የቆየው ትምህርታዊ ጥበብ ይህ ይመስላል።

ፍሮቤል በ1852 ዓ.ም. ሲሞት በሽቫይና በተሠራለት የመቃብር ሐውልት ላይ ኩብ፣ ሲሊንደርና ሉል ተደራርበው ቆመውለታል። ሦስቱም የሁለተኛው ስጦታ ቅርጾች ናቸው። የሱፍ ኳሷ ለድንጋይ አትመችም።

እገዳውና ሴቶቹ

ፍሮቤል ከመሞቱ አንድ ዓመት በፊት፣ በነሐሴ 1851 ዓ.ም.፣ የፕሩሲያ የትምህርት ሚኒስትር ፎን ራውመር መዋዕለ ሕፃናትን በመላ ግዛቱ አገደ። የተሰጠው ምክንያት እነዚህ ተቋማት የሶሻሊዝምንና የኢ-አማኝነትን ዘር ይዘራሉ የሚል ነበር። በትእዛዙ ውስጥ ፍሮቤል ጽሑፍ ካሳተመው ከወንድሙ ልጅ ከካርል ፍሮቤል ጋር ተቀላቅሎ ነበር። ስሕተቱ ቢገለጽም እገዳው እስከ 1860 ዓ.ም. አልተነሣም፤ ፍሮቤል መነሣቱን ሳያይ ሞተ። በስድስት የሱፍ ኳሶች መንግሥት የሚገለበጥ መስሎት የፈራ ሚኒስትር ዛሬ ለፈገግታ ይዳርጋል። በ1848 ዓ.ም. ከተነሣው አብዮት በኋላ ግን ሴቶች ተደራጅተው፣ ሠልጥነው፣ ከቤት ወጥተው የሚያስተምሩበት ማንኛውም ተቋም ለሥልጣን የሚያሠጋ ሆኖ ይታይ ነበር።

እገዳው ሐሳቡን አላጠፋውም፤ ይልቁንም ወደ ውጭ አገር ገፋው። ባሮነስ በርታ ፎን ማረንሆልትዝ-ቢሎው ፍሮቤልን በ1849 ዓ.ም. ካወቀችው በኋላ ትምህርቱን በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይ፣ በቤልጂክና በኢጣልያ ለማስፋፋት ዕድሜዋን ሰጠች። በ1851 ዓ.ም. በለንደን የተከፈተው መዋዕለ ሕፃናትም ከጀርመን በተሰደዱ ባልና ሚስት የተመሠረተ ነበር። ማርጋሬተ ሹርዝ በ1856 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ዋተርታውን በተባለች ከተማ የራሷን ልጅና የዘመዶቿን ልጆች ሰብስባ በጀርመንኛ የሚያስተምር መዋዕለ ሕፃናት ከፈተች። ኤሊዛቤት ፒቦዲ ደግሞ በ1860 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ በእንግሊዝኛ የሚያስተምረውን ጀመረች። መማሪያ መጽሐፍ በድንበር ላይ ሊያዝ ይችላል፤ ኪሮሽና ሱፍ ክር ግን የማንኛዋም ሴት ጓዝ ነበር።

ኳሷ ወደ ፋብሪካ ስትገባ

ስጦታዎቹን ለሽያጭ ማዘጋጀት የተጀመረው በኋለኞቹ ነጋዴዎች አይደለም። ፍሮቤል ራሱ በብላንከንቡርግ መጫወቻዎቹን በሣጥን እያዘጋጀ ለሚፈልጉ ይልክ ነበር። ስለዚህ ንጹሑን መምህር ከስግብግቡ ነጋዴ ጋር ማፋጠጥ ታሪኩን ያዛባል። ለውጥ የመጣው በመጠንና በሥልጣን ነው።

ሚልተን ብራድሌይ በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ የገበታ ጨዋታዎችን የሚያሳትም ሰው ነበር። በ1869 ዓ.ም. የኤሊዛቤት ፒቦዲን ንግግር ከሰማ በኋላ በነገሩ ተማረከ፤ በዚያው ዓመት ኤድዋርድ ቪበ የጻፈውን ትልቅ የመዋዕለ ሕፃናት መምሪያ አሳተመ፤ ስጦታዎቹንም በፋብሪካው ማምረት ጀመረ። ብራድሌይ ለሥራው ልባዊ እምነት የነበረው ሰው ነው፤ ሥራው ባይኖር በአሜሪካ የመዋዕለ ሕፃናት መስፋፋት ይዘገይ እንደ ነበር ማመን ይቻላል። በሱ ሣጥን ውስጥ የምትገኘዋ የመጀመሪያ ስጦታ ኳስ ግን ውስጧ ላስቲክ ሆኖ በላይዋ ብቻ የሱፍ ክር የተሠራባት ነበረች። ከላይ ስትታይ ያችው ናት፤ ነገር ግን ከዚህ ወዲያ የምትሠራ ሳይሆን የምትታዘዝ ዕቃ ሆነች።

ከዕቃው ጋር መምሪያው መጣ። በመምሪያው ውስጥ መምህርቷ የምትጠይቀውና ሕፃናቱ የሚመልሱት ሳይቀር ተጽፏል። የኩቦቹ ሣጥን በጠረጴዛ ላይ ተገልብጦ ይቀመጣል፤ ክዳኑ በጎን ይሳባል፤ ከዚያም ሣጥኑ ቀጥ ብሎ ይነሣል፤ ሕፃኑ ሙሉውን ኩብ አንድ ላይ ቆሞ እንዲያይ ነው። የጠረጴዛው ገጽ በካሬ መስመሮች የተከፋፈለ ነበር። የሠራውን ሲያፈርስ ሁሉንም ወደ ቦታው መመለስ፣ ሲሠራም አንድም ኩብ ሳያስቀር ሁሉንም መጠቀም ግዴታው ነው። ኳሷም በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ገባች። ለአንድ ጨቅላና ለአንዲት እናት የታሰበችው ጨዋታ ብዙ ሕፃናት በተሰለፉበት ክፍል ውስጥ በትእዛዝ የሚፈጸም ልምምድ ሆነች፤ ቀኝ እጅ፣ ግራ እጅ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ቃላቱ የፍሮቤል ናቸው፤ የጎደለው የእናት ጭን ነው።

ተቃውሞው ከውስጥ ተነሣ። በኬንታኪ ግዛት፣ በሉዊቪል ከተማ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራንን ታሠለጥን የነበረችው አና ብራያን በ1890 ዓ.ም. ባደረገችው ንግግር መምህራን የፍሮቤልን ትእዛዝ በፊደሉ እየጠበቁ መንፈሱን እየገደሉ መሆናቸውን ተናገረች፤ ለንግግሯ የሰጠችውም ርእስ ፊደል ይገድላል የሚለው የሐዋርያው ቃል ነበር። ተማሪዋ ፓቲ ስሚዝ ሂል ይህን አቋም ወደ ኒው ዮርክ ከተማ ወስዳ፣ የስጦታዎቹን ቅደም ተከተል በጽኑ ከምትጠብቀው ከሱዛን ብሎው ጋር በአንድ የመምህራን ኮሌጅ ውስጥ ተከራከረች። ዓለም አቀፉ የመዋዕለ ሕፃናት ማኅበር ክርክሩን የሚመረምር፣ 19 አባላት ያሉት ኮሚቴ በ1903 ዓ.ም. ቢያቋቁምም ወገኖቹ ሊስማሙ አልቻሉም፤ በ1913 ዓ.ም. የታተመው ሪፖርት የወጣው አንድ ድምፅ ሆኖ ሳይሆን በየወገኑ ተከፋፍሎ ነው። ለኮሚቴ ሥራ ልምድ ያላቸው አንባቢዎች በዚህ አይደነቁም።

ክርክሩን በአነስተኛ ንግግርና በአንድ ድርጊት የፈታው ጃፓናዊ ነው። በቶኪዮ የሴቶች መምህራን ማሠልጠኛ ሥር በ1876 ዓ.ም. የተከፈተው መዋዕለ ሕፃናት የፍሮቤልን ስጦታዎች ሙሉ በሙሉ ተቀብሎ፣ «ኦንቡፁ» የሚል የክብር ስም ሰጥቶ ለብዙ ዓመታት በጥብቅ ሥርዓት ሲያስተምርባቸው ኖሯል። በ1917 ዓ.ም. የዚሁ መዋዕለ ሕፃናት ኃላፊ የሆነው ኩራሃሺ ሶዞ ስጦታዎቹን ከየሣጥናቸው አውጥቶ፣ የሦስተኛውን ከአራተኛው፣ የአምስተኛውን ከስድስተኛው ሳይለይ ቀላቅሎ፣ በቀርከሃ ቅርጫት ውስጥ አስቀመጣቸው። ሕፃናቱም የፈለጉትን እያነሡ ይጫወቱ ጀመር። ዕቃዎቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው ቅርጫቱ ነው።

የመርፌ መሰኪያዋ ዝሆን

ከእጅ ወደ ፋብሪካ የተደረገው ጉዞ ሁልጊዜ በትምህርት ሰዎች በኩል አልነበረም። በደቡብ ጀርመን፣ ጊንገን በምትባል ከተማ የምትኖር ማርጋሬተ ሽታይፍ የምትባል ልብስ ሰፊ በጨቅላነቷ በፖሊዮ ታማ በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀስ ነበረች። በ1879 ዓ.ም. በአንድ የፋሽን መጽሔት ላይ የታተመ የዝሆን ንድፍ አይታ፣ ፌልት ከተባለው፣ ሱፍ ተጠቅጥቆ ከሚሠራው ጨርቅ ትንሽ ዝሆን ሰፋች። የታሰበው ለመርፌ መሰኪያ ሲሆን ለወዳጆቿ በስጦታ ትሰጠው ነበር። ሕፃናት ግን ዝሆኑን ከእናቶቻቸው የስፌት ሣጥን እየወሰዱ ይጫወቱበት ጀመር። እስከ 1886 ዓ.ም. ድረስ ከ5,000 በላይ ዝሆኖች ተሸጡ፤ ኋላም ድርጅቱ በድብ አሻንጉሊት በዓለም ታወቀ። መጫወቻ መሆኑን የወሰኑት ሕፃናቱ ናቸው።

የተገላቢጦሹም ሆኗል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አገር ልብስና ክር ከሰኔ 1941 ዓ.ም. ጀምሮ በኩፖን የሚታደል በሆነበት፣ የመጫወቻ ፋብሪካዎችም ወደ ጦር መሣሪያ ሥራ በዞሩበት ወቅት፣ እናቶች አሮጌ ሹራብ እየተረተሩ ለልጆቻቸው አሻንጉሊት ይሠሩ ነበር። ፋብሪካው ሲቆም እጅ ሥራውን ተረከበ።

በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ

በኢትዮጵያ ሕፃናት መጫወቻ ያጡበት ዘመን የለም። አሮጌ ካልሲ በጨርቅ ተጠቅጥቆና በሲባጎ ተጠፍሮ ኳስ ይሆናል፤ ጭቃ ተድቦልቡሎ በሬና ላም ይሆናል፤ ከጨርቅ አሻንጉሊት፣ ከሽቦ መኪና ይሠራል። እነዚህን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ልጆቹ ራሳቸው ወይም ታላላቆቻቸው ናቸው። ለጨቅላው ግን፣ ማለትም ገና መሥራት ለማይችለው፣ በልክ የተዘጋጀ ዕቃ እምብዛም አይታይም፤ የእሱ መጫወቻ እሽሩሩው፣ የእናቱ ማተብና የነጠላዋ ጫፍ ነው። ይህ ድህነት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም፤ ፍሮቤል ከእናቶች የተማረው ይህንኑ ነውና። በሌላ በኩል ኪሮሽና ዳንቴል፣ ጥልፍና ሹራብ በከተማም ሆነ በገጠር ከተሞች የታወቁ ሙያዎች ናቸው። የሶፋና የጠረጴዛ ልብስ ለመሥራት የሚውለው እጅ ለኳስ የሚጎድለው ችሎታ የለም። ሱፍ በማይገኝበትም በእንዝርት የተፈተለ የጥጥ ክር ይበቃል።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የቅድመ መደበኛ ትምህርት ዓላማ ሕፃናትን በሁለንተናቸው አሳድጎ ለመደበኛ ትምህርት ማዘጋጀት መሆኑን ደንግጓል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ ማዕቀፍ ደግሞ ከመዋዕለ ሕፃናት ሌላ፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥር የሚከፈተውን የኦ ክፍልና በቤት ውስጥ ለወላጆች የሚሰጠውን ትምህርት አካቷል። ከነዚህ መካከል የሱፍ ኳሷ ታሪክ በቀጥታ የሚነካው የወላጆችን ትምህርት ነው። ለኦ ክፍል ሕፃናት ኳሷ አንድ መጫወቻ ብቻ ናት፤ የታሰበችበት ዕድሜ አልፏቸዋል። ለጨቅላዎች ግን የሚደርሰው ትምህርት ቤት ሳይሆን ወላጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሥጋት ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። «መጫወቻውን እናቶች ይሥሩት» የሚል ሐሳብ በጀት ላለመመደብ ሰበብ ሊሆን ይችላል። ውኃ ከሩቅ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትሸከም፣ ማታ በድካም የምትተኛ እናት ላይ ተጨማሪ የእጅ ሥራ መጫን የሕፃኑን ድርሻ ከእናቱ ዕረፍት መውሰድ ነው። የፍሮቤል ተከታይ ሴቶች አብዛኞቹ የተማሩና ጊዜ ያላቸው ነበሩ፤ ይህም በታሪኩ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይነገርም። ኳስ የመሥራቱ ሥራ ለአባቶችም፣ ለታላላቅ ወንድሞችና እኅቶችም፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ላሉ ወጣት ወንዶችና ሴቶችም የሚሆን ነው። በሽመና ሙያ ወንዶች በሚታወቁበት አገር ክር መያዝ የሴት ብቻ ነው ብሎ መከራከር አያዋጣም።

በመምህራን ማሠልጠኛ የሚሠራው ኳስም ለኤግዚቢሽን መደርደሪያ ሳይሆን ለልምምድ ሊውል ይገባዋል። ሠልጣኙ የሠራትን ኳስ ይዞ ከአንድ ጨቅላና ከአሳዳጊው ጋር ጥቂት ጊዜ ቢያሳልፍ፣ ሕፃኑ ዓይኑን መቼ እንዳዞረ፣ መቼ እንደ ጨበጠ፣ መቼ እንደ ሰለቸ ቢመዘግብ፣ ስለ ሕፃናት ዕድገት ከተጻፈ ብዙ ገጽ የማያገኘውን ያገኛል። በአሠራሩ በኩል የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ጥቂት ነው። ኳሷ በሕፃኑ አፍ ውስጥ ልትገባ የምትችል እንዳትሆን የፍሮቤልን መጠን ትቶ ተለቅ ማድረግ ይበጃል። ቀለሙ በውኃ የማይለቅ፣ የውስጡ ሙሌት የማይበተን ይሁን፤ አዝራርና ዶቃ አይሰፋባት። ማንጠልጠያው ክር አጭር ሆኖ በአሳዳጊው እጅ ብቻ ይያዝ፤ በፍሮቤል ዘመን እንደ ነበረው በአልጋ ላይ ተንጠልጥሎ መተው ሕፃኑን ለመታነቅ ስለሚያጋልጥ ዛሬ አይፈቀድም።

ለወላጆች ትምህርት የሚዘጋጀው የመሣሪያ ዝርዝር ላይም «የሕፃናት ኳስ፣ በቁጥር» ተብሎ ከሚጻፈው መስመር አጠገብ፣ ክር በኪሎ፣ ኪሮሽ በቁጥር፣ ጨዋታውን ለማሳየት የሚመደበው ጊዜ በሰዓት ቢጻፍ፣ የሦስቱ ዋጋ ተደምሮ ከተገዛው ኳስ ዋጋ ጋር ሊነጻጸር ይችላል።